ካላፊዮሪን ሮማ ለምን ለቀቀው? ከ16 እስከ 22 ዓመቱ የሆነው ነገር

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ሪካርዶ ካላፊዮሪ ሮማ ተወልዶ ሮማ ያደገ ልጅ ነው፣ በ18 ዓመቱ ዩቬንቱስ ላይ ተሰልፏል፣ ታዲያ በ20 ዓመቱ በ1.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ለስዊዘርላንድ ክለብ የተሸጠው ለምንድነው? ጉዳቱ ነው ወይስ ሞሪንሆ? ደሞ የግራ መስመር ተከላካይ የነበረ ልጅ እንዴት በአንድ ሲዝን የጣልያን ብሄራዊ ቡድን የመሀል ተከላካይ ሆነ?»

ወንድሜ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው የአርሰናል ደጋፊ እኛ ጋር ካላፊዮሪን የሚያውቀው ከዩሮ 2024 (ከአውሮፓ ዋንጫው) ጀምሮ ነው፣ ልጁ ግን ከዛ በፊት ሶስት ጊዜ ያህል አለቀለት ተብሎ ነበር። እኔ ስራዬ ታዳጊ ማሰልጠን ስለሆነ የተጫዋች መጀመሪያ አመታት ላይ ነው ትኩረቴ፣ የዚህን ልጅ ጉዞ ደሞ ለተከላካይ ልጆቼ ሁሌ የማነሳው ነው። እናም ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መልሴን ከመጀመሪያው ልንገርህና ከዛ በዝርዝር እንሄዳለን። ጉዳቱም ሞሪንሆም ለየብቻቸው መልስ አይሆኑም። ካላፊዮሪ የጎደለው ነገር ጨዋታ ነው፣ በቃ። ከ16 እስከ 20 ዓመቱ ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላው እኩያው በየሳምንቱ ሲጫወት እሱ የተጫወተው በጣም ትንሽ ነው፣ ተከላካይ ደሞ ከሜዳ ላይ ስህተት እንጂ ከልምምድ ብቻ አይማርም። አጥቂ ከሆንክ በ18 ዓመትህ አንድ ፍጥነት ወይ አንድ ሹት ይዘህ ትወጣለህ፣ ተከላካይ ግን የት መቆም እንዳለበት የሚያውቀው መቶ ጊዜ የተሳሳተ ቦታ ቆሞ ተቀጥቶ ነው። ሮማ ያንን የሚሰጠው ቦታ አልነበረውም፣ የስዊዘርላንዱ ባዝል ነበረው። ለዛ ነው እኔ የልጁን ህይወት የቀየረው ክለብ የጣልያኑ ቦሎኛ ነው ሲባል ሙሉ በሙሉ የማልስማማው።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ቀኑ ኦክቶበር 2 ቀን 2018 ነው፣ ካላፊዮሪ በሜይ 19 2002 ስለተወለደ ገና 16 ዓመት ከአራት ወር ገደማው ነው። የሮማ ወጣት ቡድን በዩኤፋ ዩዝ ሊግ ከቼኩ ቪክቶሪያ ፕልዘን ጋር እየተጫወተ ነበር፣ ልብ በል ይሄ ውድድር ከ19 ዓመት በታች ነው፣ ማለትም ልጁ ሶስት ዓመት ከሚበልጡት ጋር ነው የሚጫወተው፣ ይሄ ራሱ ሮማ ምን ያህል እንደገመተው ያሳይሃል። እና አንድ ከባድ ታክል ገባበት። ጉልበቱ ውስጥ ያሉት ጅማቶች በሙሉ ተበጠሱ፣ ሜኒስከስ የሚባሉት የጉልበት ትራስ የሆኑት ለስላሳ አጥንቶችም አብረው ሄዱ፣ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ካፕሱል የሚባለውም ተቀደደ። ያን ቀን ማታ ዋናው የሮማ ቡድን ያንኑ ፕልዘንን በቻምፒየንስ ሊግ 5 ለ 0 አሸነፈ፣ ዜኮ ሃትሪክ ሰራ፣ ልጁ ግን ከዛ በኋላ እግር ኳስ ይጫወት አይጫወት አይታወቅም ነበር።

እኛ ሰፈር «ጉልበቱን ተመታ» ስንል ብዙ ጊዜ የፊተኛውን መስቀለኛ ጅማት፣ ኤሲኤል የሚሉትን ማለታችን ነው። እሱ ብቻውን ሲበጠስ ዛሬ ባለው ህክምና ዘጠኝ ወር፣ አንዳንዴ ከዛም በላይ ነው። የካላፊዮሪ ግን የአንድ ጅማት ጉዳይ አይደለም፣ ጉልበቱን ከፊት ከኋላም ከጎንና ከጎንም የሚይዘው ነገር ሁሉ ነው የለቀቀው። እንዲህ አይነት ጉዳት የምታየው መኪና አደጋ ላይ ወይ የበረዶ ሸርተቴ ላይ ነው፣ ኳስ ሜዳ ላይ ብዙም አይታይም። ለ16 ዓመት ልጅ ደሞ ሌላ ችግር አለው፣ ሰውነቱ ገና እያደገ ነው፣ ጡንቻው በሚገነባበት ሰዓት እግሩ ታስሮ ቁጭ ይላል፣ ሲመለስ አእምሮው የሚያውቀው ሰውነትና አሁን ያለው ሰውነት ሁለት የተለያዩ ናቸው። እንደዚ አይነት ጉዳት ያለባቸውን ልጆች የሚከታተል ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፣ ጅማቱ ድኖም ልጁ ታክል ሲመጣ እግሩን ቀድሞ ያነሳል፣ ያ ግማሽ ሰከንድ እስኪጠፋ ድረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ የሚጠፋውም በተደጋጋሚ በመጫወት ነው።

አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ተመለሰ። እዚህ ጋር ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ። የተመለሰው በ2019 ሁለተኛ አጋማሽ ነው፣ ፕሪማቬራ በሚባለው የጣልያን የወጣቶች ሊግ። ገና እግሩ መሬት እየያዘ ሳለ ማርች 2020 ላይ ኮሮና መጣ፣ ዋናው ሊግ ሴሪ አው ቆሞ ሰመር ላይ ሲቀጥል ፕሪማቬራ ግን ጭራሽ ተሰረዘ። ስለዚ ደምረው፣ 2018 ኦክቶበር ላይ ተጎድቶ፣ አንድ ዓመት በህክምና፣ ጥቂት ወር ተጫውቶ፣ ከዛ ደሞ ሊጉ ተዘጋ። ዋናው ቡድን ጋር ሲደርስ ከሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ በውድድር ያሳለፈው ጥቂት ወር ብቻ ነው። ይሄን ቁጥር ጭንቅላትህ ውስጥ ካላስገባህ ቀጥሎ የሆነው ነገር ሁሉ አይገባህም።

ኦገስት 1 2020 ቱሪን ላይ፣ የሊጉ የመጨረሻ ቀን፣ የሮማ አሰልጣኝ የነበረው ፓውሎ ፎንሴካ ዩቬንቱስ ላይ አስገባው። ዩቬ ዋንጫውን ቀድሞ አረጋግጦ ስለነበር ጨዋታው ትልቅ ጫና አልነበረውም፣ ግን ለ18 ዓመት ልጅ ዩቬንቱስ ሜዳ ዩቬንቱስ ሜዳ ነው። ሮማ 3 ለ 1 አሸነፈ፣ ካላፊዮሪ ሪጎሬ አስገኘ ፔሮቲ አገባው። ከዛ ዲሴምበር 3 2020 በዩሮፓ ሊግ ያንግ ቦይስ ላይ ከርቀት በግራ እግሩ ለቀቀውና ለሮማ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ፣ ሮማ ያንንም 3 ለ 1 ነው ያሸነፈው። ኦሊምፒኮ ያኔ በኮሮና ምክንያት ባዶ ነበር፣ ሮማዊ ልጅ የመጀመሪያ ጎሉን ሮማ ሜዳ ሲያገባ የሚጮህለት ሰው የለም፣ ሳስበው እስካሁን ያሳዝነኛል።

ሰው እነዚህን ሁለት ጨዋታዎች አይቶ «በቃ ደርሷል» አለ። የጣልያን ጋዜጣም ደሞ ሮማዊ ታዳጊ ሲያገኝ ያው ታውቃለህ። እኔ ግን ዛሬ ተመልሼ ሳያቸው የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ሪጎሬው የመጣው ወደፊት ሲሮጥ ነው፣ ጎሉ የመጣው ከርቀት ሲመታ ነው፣ ሁለቱም የማጥቃት ስራዎች ናቸው። የፎንሴካ ቡድን ከኋላ በሶስት ተከላካይ ነበር የሚጫወተው፣ ካላፊዮሪን የሚያስገባው በግራ ዊንግ ባክ ቦታ ነው፣ ማለትም መስመሩን በሙሉ ይዞ የሚያጠቃም የሚከላከልም ተጫዋች፣ እዛ ቦታ ላይ ያለ ልጅ ከኋላው ሶስት ሰው አለው፣ ቢሳሳትም የሚሸፍንለት አለ። የቦታው ባለቤት ደሞ ሊዮናርዶ ስፒናዞላ ነበር፣ ያኔ በጣልያን ምርጥ ከሚባሉት መስመር ተጫዋቾች አንዱ፣ ስለዚ ካላፊዮሪ የሚገባው ወይ ስፒናዞላ ሲያርፍ ወይ ሲጎዳ ነው።

ስፒናዞላ በዩሮው ጁላይ 2021 ከቤልጅየም ጋር ሲጫወቱ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። ያን ሰመር ሞሪንሆ የሮማ አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። ይሄ ለካላፊዮሪ በር የሚከፍት ይመስላል አይደል? ሮማ ግን የግራ መስመር ተከላካዩን ማቲያስ ቪኛን ከብራዚል ገዛ፣ ሞሪንሆ ደሞ ሲጀምር ከኋላ በአራት ነበር የሚያሰልፈው። በአራት ሲሆን የግራ መስመር ተከላካዩ ከጀርባው ማንም የለም፣ የተቃራኒ ቡድን ዊንገር (የመስመር አጥቂ) አንድ ለአንድ ይመጣበታል፣ የመሀል ተከላካዩ ሲወጣ ገብቶ መሸፈን አለበት፣ ከሌላኛው መስመር ኳስ ሲሻማ ሁለተኛው ቋሚ ጋር ቆሞ በቴስታ መግጨት አለበት። እነዚህ ነገሮች ከ16 እስከ 19 ባለው ጊዜ በጨዋታ የምትማራቸው ናቸው፣ ካላፊዮሪ ደሞ ያ ጊዜ የለውም።

ከዛ ኦክቶበር 21 2021 ከኖርዌዩ ክለብ ቦዶ ግሊምት ጋር ያለው ጨዋታ መጣ። ሮማ 6 ለ 1 ተሸነፈ። ሞሪንሆ ተቀያሪዎቹን ይዞ ነበር ኖርዌይ የሄደው፣ ካላፊዮሪ ግራ ላይ ተሰልፏል፣ ቡድኑ ሙሉ በሙሉ ተበላ። ከጨዋታው በኋላ ሞሪንሆ በግልፅ በቋሚዎቹና በቀሪዎቹ መሀል ትልቅ የጥራት ልዩነት አለ ብሎ ተናገረ፣ ያን ቀን የተሰለፉት አንዳንዶቹ ከዛ በኋላ ብዙም አልታዩም። ካላፊዮሪ ቢያንስ ጨርሶ አልተጣለም፣ ግን ለ19 ዓመት ልጅ ያ ምሽት ምን እንደሚያደርግ አስበው። ጃንዋሪ 2022 ላይ በውሰት ወደ ጄኖዋ ሄደ፣ በዛው ወር ሮማ መስመሩን የሚሞላለት ሰው በውሰት ያመጣው ከአርሰናል ነው፣ አይንስሊ ሜትላንድ ናይልስን። አርሰናሎች ይሄን ስታነቡ ይገርማችኋል ብዬ ነው ያነሳሁት።

ሞሪንሆን በዚህ ጉዳይ መክሰስ ቀላል ነው፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል፣ እኔ ግን አልከሰውም። ሞሪንሆ ሮማ የመጣው በየሳምንቱ ውጤት ሊያመጣ ነው፣ ሜይ 2022 ላይም ቲራና ላይ የኮንፈረንስ ሊግን፣ የአውሮፓን ሶስተኛ ደረጃ ውድድር፣ ዋንጫ አነሳ። በዛው ጊዜ ኒኮላ ዛሌቭስኪን የመሰለ ታዳጊ ከአጥቂ አማካይነት አንስቶ ግራ መስመር ላይ አጫውቷል፣ ስለዚ ታዳጊ አይወድም የሚለው ወሬ እዚህ ጋር አይሰራም። ካላፊዮሪ ያኔ ለሱ ዝግጁ አልነበረም፣ ዝግጁ የሚያደርገው ደረጃ ደሞ ሮማ ውስጥ አልነበረም። ጥፋት ካለ ጥፋቱ እዛ ጋር ነው። ጣልያን ውስጥ ልጁ ከፕሪማቬራ ወጥቶ በቀጥታ ሴሪ አ ነው የሚጠብቀው፣ በመሀል ያለው ክፍተት ትልቅ ነው። ስፔን ውስጥ ሁለተኛ ቡድኖች ከትልልቅ ሰዎች ጋር ሲጫወቱ ስንት ዓመታቸው ነው፣ ጣልያን ውስጥ ዩቬንቱስ 2018 ላይ ነው የጀመረው፣ አታላንታ 2023፣ ሚላን 2024፣ ሮማ በካላፊዮሪ ጊዜ አልነበረውም። ሁለተኛ ቡድን ከሌለህ የሚቀርህ ውሰት ነው፣ ውሰት ደሞ ዕድል ነው።

ዕድሉን ደሞ አየነው። ጄኖዋ ያን ሲዝን በአሰልጣኝነት ባላርዲኒ ጀመረው፣ ሼቭቼንኮ ቀጠለው፣ ብሌሲን ጨረሰው፣ ቡድኑ 19ኛ ሆኖ ወረደ። ላለመውረድ የሚታገል ቡድን በውሰት የመጣ ልጅ ሊያስተምር ጊዜ የለውም፣ አሰልጣኙም ነገ ይኑር አይኑር አያውቅም። ካላፊዮሪ እዛ ጥቂት ጨዋታ ብቻ ነው የነካው። ይሄን ከአሌሳንድሮ ባስቶኒ ጋር አነፃፅረው፣ ሁለቱ በኋላ ጎን ለጎን ስለተጫወቱ ማለቴ ነው። ባስቶኒ 1999 የተወለደ ነው፣ ኢንተር ገና ልጅ ሳለ 2017 ላይ በ30 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ከአታላንታ ገዛው፣ 2018-19 ላይ ፓርማ አስቀመጠው፣ እዛ ሙሉ ሲዝን ከ20 በላይ የሴሪ አ ጨዋታ ተጫወተ፣ ከዛ ኮንቴ ኢንተርን ሊያሰለጥን ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። አንዱ ውሰት ባስቶኒን ሰራው፣ ሌላው ውሰት ካላፊዮሪን ስድስት ወር አስበላው። በችሎታ መሀላቸው ያን ያህል ርቀት የለም፣ የጨዋታ ቁጥር ነው የለያያቸው።

ወደ ሽያጩ ስንመጣ ኳሱ ብቻ አይደለም፣ ሂሳብም አለበት። ክለብ ከልጅነቱ ያሳደገውን ተጫዋች ሲሸጥ መዝገቡ ላይ የተገዛበት ዋጋ ዜሮ ነው፣ ስለዚ የሸጠበት ገንዘብ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ጣልያኖች ፕሉስቫሌንዛ የሚሉት ይሄን ነው። ሮማ ያን ሰሞን ገንዘቡ በዩኤፋ ዓይን ስር ነበር፣ ሴፕቴምበር 2022 መጀመሪያ ላይ የፋይናንስ ስምምነት ከፈረሙት ክለቦች አንዱ ነው። እንደዚህ አይነት ክለብ ውስጥ የ20 ዓመት ልጅ፣ ትልቅ የጉልበት ታሪክ ያለው፣ ከ20 የማይሞላ ጨዋታ ለዋናው ቡድን የተጫወተ፣ የወረደ ቡድን ውስጥ እንኳ ብዙም ያልተሰለፈ፣ እሱ መጀመሪያ የሚሸጥ ነው። ዛሬ ላይ ሆነን ስህተት ነው እንላለን፣ ስህተትም ነው፣ ግን በዛ ሰዓት ጣልያን ውስጥ ሰልፍ ይዞ የሚጠብቀው ክለብ አልነበረም።

እና በ2022 ኦገስት መጨረሻ ባዝል ሄደ።

ባዝል ማለት ለብዙ ሰው የሻኪሪና የራኪቲች ክለብ ነው፣ መሀመድ ሳላህም አውሮፓን የጀመረው እዛ ነው። ስራቸው ይሄ ነው፣ ልጅ ይገዛሉ፣ ያጫውታሉ፣ አትርፈው ይሸጣሉ። የስዊዘርላንድ ሊግ ከሴሪ አ ደካማ ነው፣ ግን የትልቅ ሰው ሊግ ነው፣ አካሉ ጠንካራ ነው፣ በየሳምንቱ ትጫወታለህ፣ ሀሙስ ደሞ አውሮፓ አለ። ካላፊዮሪ እዛ በአንድ ሲዝን የተጫወተው ሮማ እያለ ለዋናው ቡድን ከተጫወተው ሁሉ ይበልጣል። ቡድኑም ሰላም አልነበረውም፣ አሰልጣኙ አሌክሳንደር ፍራይ ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ተባሮ ሄይኮ ፎግል ያዘው፣ በሊጉ እየተንገዳገዱ በኮንፈረንስ ሊግ ግን ትራብዞንስፖርን አስወጡ፣ ስሎቫን ብራቲስላቫን በፔናሊቲ፣ ኒስን ደሞ እዛው ፈረንሳይ ሜዳ ላይ በተጨማሪ ሰዓት። ግማሽ ፍፃሜ ላይ ፊዮረንቲናን ፍሎረንስ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈው መጡ፣ መልሱን ባዝል ላይ 3 ለ 1 ተሸነፉ፣ የመጨረሻዋ ጎል የገባችው የተጨማሪ ሰዓቱ ራሱ ካለቀ በኋላ በባከነው ደቂቃ ላይ ነው። ካላፊዮሪ 21 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ። ባዝል ውስጥ የግራ መስመር ተጫዋች ሆኖ ነው የገባው፣ ግን ቡድኑ በሶስት ተከላካይ ሲጫወት ከሶስቱ በግራ ያለውን ቦታ መያዝ ጀመረ። ይሄ ቦታ ግማሹ የመሀል ተከላካይ ግማሹ የመስመር ተከላካይ ነው፣ አጥቂ ትይዛለህ፣ መስመር ላይ ወጥተህ ዊንገር ትገጥማለህ፣ ኳስ ሲኖርህ ደሞ ፊትህ ክፍት ነው ይዘህ ትወጣለህ። ለአንድ 1.88 ሜትር ለሆነ፣ ግራ እግሩ ንፁህ ለሆነ፣ ግን በየደቂቃው 60 ሜትር ሮጦ የሚመለስ ዊንግ ባክ ለመሆን ላልተሰራ ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ሰው «ቲያጎ ሞታ (በኋላ ቦሎኛ ላይ ያሰለጠነው) ወደ መሀል አመጣው» ሲል ይሄ የባዝል ዓመት ይረሳል። ሞታ ያገኘው ጥሬ ልጅ አይደለም፣ ሲሳሳት ሲማር አንድ ሙሉ ዓመት የቆየ ልጅ ነው።

ኦገስት 31 2023 ላይ ቦሎኛ በ4 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ገዛው። ባዝልም ሞኝ አይደለም፣ ከሚቀጥለው ሽያጭ ትልቅ ድርሻ እንዲኖረው አድርጎ ፈረመ፣ በኋላ የአርሰናል ድርድር ሲጓተት አንዱ ምክንያት ይሄ ነበር፣ ቦሎኛ ከሚያገኘው ላይ ለባዝል ስንት ይሄዳል የሚለው።

ቦሎኛ ሲደርስም የታሰበው ለግራ መስመር ነበር። ከዛ የመሀል ተከላካዩ ጆን ሉኩሚ ሲጎዳ ሞታ ካላፊዮሪን መሀል አስገባው፣ ከሌላው የመሀል ተከላካይ ከቤውከማ ጎን፣ ያውም ከኋላ በአራት። ልጁ አልወጣም። ለምን ሰራለት የሚለውን ጠጋ ብለን እንየው ምክንያቱም ጥያቄህ ይሄ ነው። የሞታ ቦሎኛ ፕሬስ ሲያደርግ፣ ኳስ ለመንጠቅ ወደፊት ወጥቶ ሲጫን ማለት ነው፣ ሰው ለሰው ነው የሚይዘው፣ ማለት የተቃራኒው አጥቂ ኳስ ፍለጋ ወደ አማካይ ሲወርድ የመሀል ተከላካዩ ቦታዬ ብሎ አይቆምም፣ ተከትሎት ይወጣል። ሌላው የመሀል ተከላካይ ኳሱን ከነጠቀ በኋላ አቀብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ካላፊዮሪ ግን መስመር ተጫዋች ሆኖ ያደገ ነው፣ ነጥቆ አይመለስም፣ ይቀጥላል፣ ፍሮይለር ወይ ሌላው አማካይ ወርዶ ቦታውን ይሸፍንለታል እሱ ደሞ ስምንት ቁጥር እንደሚባለው አማካይ ሜዳ መሀል ይገኛል። የተቃራኒው ቡድን ማን ይያዘው? አጥቂው ተከላካይ መያዝ አይፈልግም፣ አማካዩ የራሱ ሰው አለው፣ በዚህ መሀል አንድ ሰው ነፃ ሆኖ ወደ ፊት ይመጣል። በዛ ሲዝን በሴሪ አ 2 ጎልና 5 አሲስት ለመሀል ተከላካይ የመጣው ከዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት የራሱ ጉልበት ነው ብዬ አስባለሁ፣ ይሄ የኔ ግምት ነው። መስመር ላይ ስትጫወት ፍጥነትህን የሚወስነው ዊንገሩ ነው፣ እሱ ሲቆም ትቆማለህ ሲነሳ ትነሳለህ፣ ለተሰበረ ጉልበት ከዚህ የከፋ ነገር የለም። መሀል ላይ ግን ጨዋታው ፊትህ ነው፣ መቼ እንደምትወጣ አንተ ነህ የምትወስነው፣ ሩጫህ ቀድሞ በማንበብ ነው። በ16 ዓመቱ ሜዳ አጥቶ አንድ ዓመት ሙሉ ጨዋታን ከውጪ ሲያይ የነበረ ልጅ ደሞ ማንበብ ይችላል።

ይሄ ነገር አዲስ አይደለም ጣልያን ውስጥ። ኪየሊኒ ሊቮርኖና ፊዮረንቲና ሳለ የግራ መስመር ተከላካይ ነበር፣ መሀል የገባው ዩቬንቱስ ነው። ማልዲኒ ጃንዋሪ 1985 በ16 ዓመቱ ለሚላን ሲጀምር መስመር ላይ ነው፣ ለረጅም ዓመት ግራ ተጫውቶ ነው መሀል የሄደው። መስመር ላይ ያደገ የመሀል ተከላካይ አንድ ለአንድ አይፈራም፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ብቻውን መቆም ለምዷል፣ ኳስም ይችላል። እኛ ጋር ደሞ ልጁ ረጅም ከሆነ በ12 ዓመቱ መሀል አቁመን «አውጣ! አውጣ!» እንለዋለን፣ ኳስ ሳይነካ ያድጋል። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ረጅም ልጅ ያለው አሰልጣኝ ካለ ቢያንስ እስከ 16 ዓመቱ መስመርም አማካይም ላይ አሽከርክሩት፣ ለምኛችኋለሁ።

ቦሎኛ ያን ሲዝን 38 ጨዋታ 32 ጎል ብቻ ገብቶበት 5ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ከ1964-65 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትልቁ የአውሮፓ ውድድር ተመለሰ። ሜይ 20 2024፣ 22 ዓመት በሞላው ማግስት፣ ከዩቬንቱስ ጋር ነበራቸው። ካላፊዮሪ በ2ኛው ደቂቃ አገባ፣ በ53ኛው ደሞ ከኋላ ተነስቶ ገብቶ በረኛው ላይ አሳልፎ በቺፕ፣ ኳሷን ከፍ አድርጎ፣ አስቀመጣት። መሀል ተከላካይ ነው እኮ! 3 ለ 0 ሆነ፣ ከዛ ዩቬ በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ሶስቱንም መልሶ 3 ለ 3 አለቀ። ስለዚ ጨዋታውን ስታየው ሁለቱንም ጎን ታያለህ፣ የዚህ አጨዋወት ውበቱንም ዋጋውንም።

ያኔ የጣልያን ብሄራዊ ቡድን አሰልጣኝ የነበረው ስፓሌቲ ወሰደው። ጁን 4 2024 ከቱርክ ጋር እዛው ቦሎኛ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጣልያን ገባ፣ ከ11 ቀን በኋላ ዶርትሙንድ ላይ ከአልባኒያ ጋር ዩሮውን በቋሚነት ጀመረ፣ ከባስቶኒ ጎን። ሁለት ግራ እግር የመሀል ተከላካዮች አንድ ላይ ማለት ነው፣ ይሄን የሚደፍር አሰልጣኝ ብዙ የለም። ከስፔን ጋር ኒኮ ዊሊያምስ ያሻማት ኳስ በረኛው ዶናሩማ ነክቷት ካላፊዮሪ ጉልበት ላይ አርፋ በራሱ መረብ ገባች፣ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ከአራት ቀን በኋላ ክሮሺያ ጋር ሞድሪች አግብቶ ጣልያን የመውጣት አደጋ ላይ ሳለች 98ኛው ደቂቃ ላይ ካላፊዮሪ ኳሱን ከራሱ ሜዳ ይዞ መሀል ለመሀል ተነሳ፣ ሰው ሳበ፣ በግራ ለዛካኒ ለቀቀለት፣ ዛካኒ ጠምዝዞ አስገባት። ያቺን ሩጫ ደግመህ እያት፣ ባዝል ላይ በሶስት ተከላካይ የተማረው ነው፣ ቦሎኛ ላይ በየሳምንቱ ያደረገው ነው። በውድድሩ ሁለተኛ ቢጫውን አይቶ ስለነበር ከስዊዘርላንድ ጋር አልተሰለፈም፣ ጣልያን 2 ለ 0 ተሸንፋ ወጣች።

ጁላይ 29 2024 አርሰናል ፈረመ፣ ወደ 42 ሚሊዮን ፓውንድ ነው የተባለው። ሮማ ከዛ ገንዘብ የሚደርሰው በፊፋ ደንብ ለአሳዳጊ ክለብ የምትከፈለው ትንሽ ድርሻ ናት።

እና እዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎቻችሁ «አርቴታ (የአርሰናል አሰልጣኝ) ለምን የመሀል ተከላካይ ገዝቶ ግራ መስመር ያጫውተዋል» ስትሉ ስለማይ። መሀል ላይ ሳሊባና ገብርኤል አሉ፣ እነሱን የሚያስወጣ የለም። ግን አርሰናል ውስጥ የግራ መስመር ተከላካይ የሚባለው ሮማ ውስጥ ካላፊዮሪ የወደቀበት ቦታ አይደለም። መስመሩን ይዞ አይሮጥም፣ ኳስ ሲኖር ወደ መሀል ይገባል፣ አንዳንዴ አስር ቁጥር፣ ከአጥቂው ጀርባ ያለ አማካይ፣ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ሲቲ ላይ ሴፕቴምበር 22 2024 ያገባት የመጀመሪያ ጎሉ ከሳጥኑ ውጪ የመጣችው ከዚህ ነው። ስለዚ ወደ ድሮው ቦታ ተመለሰ አትበሉ፣ ስሙ ነው አንድ የሆነው። የሚያሰጋኝ ነገር ቢኖር እንደገና ጨዋታ ማጣቱ ነው፣ በመጀመሪያው ሲዝን በተደጋጋሚ እየተጎዳ ወጥቷል፣ ይሄ ልጅ ደሞ ተከታታይ ጨዋታ ሲያገኝ እና ሳያገኝ ሁለት ሌላ ሰው መሆኑን ከ2018 ጀምሮ አይተናል።

ጊዜ ካለህ በዚህ ቅደም ተከተል እይ፦ ቦዶ ግሊምት ከሮማ፣ ባዝል ከፊዮረንቲና ሁለቱንም፣ ቦሎኛ ከዩቬንቱስ 3 ለ 3፣ ጣልያን ከክሮሺያ። የመጀመሪያውን ስታይ ኳሱን ተወው፣ ኳስ በሌላኛው መስመር ሲሆን ካላፊዮሪ የት እንደሚቆም ብቻ ተከተል። ከዛ ክሮሺያው ላይ ያንኑ ተመልከት፣ ያየኸውን ንገረኝና እንቀጥላለን።